የሃምሳ አለቃ ካታልዶ ፖሌንታ

ያበሰልከውን ሳይቀምስ የመለሰብህ ሰው በጥፊ ከመታህ ሰው አይተናነስም ተብሎ በሚታመንበት አገር ነው ካታልዶ ያደገው። መንደሩ በደቡብ ጣሊያን ከታራንቶ ከተማ ወጣ ብላ፣ ከወይራና ከድንጋይ በቀር የሚበቅል ነገር ያለ በማይመስልበት ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። እናቱ አዶሎራታ፣ እንግዳ ከሳህኑ ላይ ትንሽ ካስተረፈ «ምን አስቀይመነው ይሆን?» እያለች ስትገላበጥ የምታድር ሴት ናት። እንግዲህ የእሷ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ የሃምሳ አለቃ ማዕረግ ትከሻው ላይ ለጥፎ፣ የጦሩ ወጥ ቤት ሹም ሆኖ በሰሜን ጫፍ በፍሪዩሊ ተራሮች ሥር ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ሲያበስል፣ በየቀኑ አንድ ሳህን ፓስታ ሳይነካ ይመለስበት ጀመር።

ያን ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ሜዳው ለምለም በሆነበት ሰሞን፣ መሬት በአንድ ምሽት ተነሥታ በተራራው ሥር ያሉትን መንደሮች እንደ ወንፊት ነቀነቀቻቸው። ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩ የድንጋይ ቤቶች «ምን መጣ?» ለማለት እንኳ ጊዜ ሳይሰጡ ተናዱ። የሞተው ተቀበረ፤ የተረፈው በመንደሩ ኳስ ሜዳ ላይ በተተከሉ የጦር ሠራዊት ድንኳኖች ውስጥ ተጠለለ። ካታልዶም በርሜሎቹንና በጎማ የሚሄደውን ትልቁን ምድጃውን አስጭኖ የመጣው እነዚህን ሰዎች ለመመገብ ነው።

ሲመጣ ልቡ ሙሉ ነበር። ለወታደር እንደሚያደርገው የተቀቀለ ነገር ደፍቶ በጭልፋ መስጠት አልፈለገም። ሰዎቹ ሐዘን ላይ ናቸው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ደህና ነገር መብላት አለበት ብሎ አመነ። ስለዚህ እንደ እናቱ ሽንኩርቱን በዝግታ አቁላልቶ፣ ቲማቲሙን ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ አንተክትኮ፣ ቤት ቢሆን ለበዓል የሚሆን ስጎ ሠራ። ሰው ተሰልፎ ወሰደ፤ አመሰገነ። ልጆቹ ጣታቸውን ላሱ። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ግን ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ አሮጊት ሁለት ሳህን ተቀብለው ሄዱና፣ ትንሽ ቆይተው አንዱን ባዶ፣ ሌላውን እንደ ሞላ ይዘው ተመለሱ። ስጎው ደርቆ ቆዳ አውጥቷል።

«ይቅርታ ልጄ፤ ሰውዬው አልራበውም» አሉና ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

እማማ ኒቬስ ይባላሉ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሠልስቱም። ካታልዶ አንድ ቀን በሥጋ፣ አንድ ቀን በዓሣ፣ አንድ ቀን መኮሮኒውን በምድጃ አስጋግሮ ላይ ላዩን ፎርማጆ ፈርፍሮ ሞከረ፤ ያቺ አንድ ሳህን እንደሆነች አልበላ አለች። መቼም ሦስት መቶ ሰው የበላለት ሰው ስለ አንድ ሳህን ሊጨነቅ አይገባውም ነበር፤ ካታልዶ ግን እየተጨነቀ ነው። በጦሩ ሠፈር ውስጥ የደቡብ ልጆች ሰሜኖቹን «ፖሌንታ በላ»፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎ በላ፣ ብለው ይሰድቧቸዋል፤ ሰሜኖቹ ደግሞ እነሱን «አፈር ገፊ» ይሏቸዋል። ይሄ ስድብ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ስለኖረ፣ ያ ያልታየ ሽማግሌ ድንኳኑ ውስጥ ተጋድሞ «የአፈር ገፊ ምግብ አልበላም» የሚል መሰለው። በመጨረሻ ሽርጡን ፈታና ሳህኑን ራሱ ይዞ ሄደ።

የእማማ ኒቬስ ባል አባባ ኤርሜስ ድንኳን ውስጥ አልነበሩም። ከሜዳው ጫፍ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ቤታቸውን ፊት ለፊት እያዩ ነው ያገኛቸው። ቤቱ ግማሹ ወድቋል፤ ግማሹ እንደ ሰካራም ተንጋዶ ቆሟል። ዙሪያውን ወታደሮች ማንም እንዳይገባ ገመድ አጥረውበታል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሙሉ ግንበኛ ስለነበሩ እጃቸው ሰፊና ሻካራ ነው፤ አሁን ግን ጥፍሮቻቸው ተሰባብረው ጣቶቻቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«አባባ፣ ምግቤ ምን ሆኖ ነው የማይበሉልኝ?» አላቸው ካታልዶ፤ ለሰላምታ እንኳ ጊዜ ሳይሰጥ።

«ምንም አልሆነ። ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ቢሆንማ ይበላ ነበር።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ያሰበውን ዓይነት ንቀት ፊታቸው ላይ አላገኘም። የደከመው ሰው ፊት ነው።

«ስማ ልጄ» አሉት። «እኛ ቤት ፓስታ የእሁድ ነው። አንተ ከመጣህ ወዲህ ቀኑ ሁሉ እሁድ ሆነ። እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ መቃብር የምንሄድበት ቀን ነው። እኔ መቃብሩ በቅቶኛል። ማክሰኞው ማክሰኞ እንዲመስልልኝ ነው የምፈልገው፤ ሌላ ነገር የለም።»

ካታልዶ ሳህኑን ይዞ ሲመለስ እማማ ኒቬስ መንገድ ላይ አገኙትና አብረውት እየሄዱ የሆነውን ነገሩት። የአባባ ኤርሜስ እህት አማቢሌ፣ ባል ሳታገባ አጥር ለአጥር ተያይዛ የኖረች፣ የዚያን ቀን ምሽት ከቤቷ ሥር ቀርታለች። ሽማግሌው እስኪነጋ ድንጋዩን በእጃቸው ሲቆፍሩ አድረው፣ ያወጧት ሬሳዋን ነው። ከቀብሩ ወዲህ ከቡና በወተትና ከትንሽ የወይን ጠጅ በቀር በአፋቸው የዞረ ነገር የለም።

«ፓስታህ ምን በደለ? ጉሮሮው ነው የተዘጋው» አሉ እማማ ኒቬስ። «እሱ ጥርስ ካወጣ ጀምሮ የበላው ፖሌንታ ነው። ጠዋት በወተት፣ ቀን በፎርማጆ፣ ማታ ደግሞ የተረፈውን ምድጃው ላይ ጠብሰን። ያን ቢያገኝ ጉሮሮው ራሱ መንገዱን ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ። ግን ማን ያውቃል።»

ካታልዶ በሕይወቱ ፖሌንታ ቀምሶ አያውቅም፤ ለእሱ የስድብ ስም እንጂ ምግብ አልነበረም። ግን ነገሩ ሲነገር የበቆሎ ዱቄት በፈላ ውኃ ማገንፋት ነው። የሦስት መቶ ሰው ስጎ የሚሠራ ሰው ገንፎ ያቅተዋል እንዴ? ብሎ በዚያው ዕለት ከወንዙ ዳር ካልፈረሰው ወፍጮ ቤት በጆንያ የበቆሎ ዱቄት አስመጣ።

በማግስቱ ፖሌንታ ሊበላ ነው የሚለው ወሬ ከድንኳን ድንኳን ሮጠ። ሰልፉ ከወትሮው ረዘመ፤ እስከ ዛሬ ከአልጋቸው ያልተነሡ አሮጊቶች ሳይቀሩ እየተደገፉ መጡ። ካታልዶ ውኃውን አፍልቶ ዱቄቱን አንድ ጊዜ ገለበጠው። ከዚያ በትልቁ ጭልፋ ሊያማስል ሲሞክር ነገሩ ሕይወት ያለው ይመስል ይታገለው ጀመር፤ እየተንፈቀፈቀ ክንዱን አቃጠለው፤ ታችኛው ሲያርር ላይኛው ጥሬ ሆነ፤ መሐሉ የእንቁላል መጠን እያከለ ጓጎለ። ሩብ ሰዓት ያህል ታግሎ «በስሏል» ብሎ አወጣው። ሳህን ላይ ሲያስቀምጠው ባዶነቱ አሳዘነውና እላዩ ላይ ስጎ ጨመረበት።

ሰው ተቀብሎ ተቀመጠ። ለምስጋና የተዘጋጀ ፊት ሁሉ ሳህኑን እያየ ቀረ። እማማ ኒቬስ ማንኪያቸውን አነሡ፤ አንዱን ጓል ሲነክሱት ከመሐሉ ያልበሰለ ደረቅ ዱቄት ቦንኖ አፍንጫቸው ላይ ወጣ። አስነጠሳቸው። ሁለተኛም አስነጠሳቸው። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጎረቤታቸው አለቀሱ ብላ ደንግጣ ስታያቸው እየሳቁ ናቸው። ሳቁ ወደ እሷ ተጋባ፣ ከእሷ ወደ ቀጣዩ፣ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ዞረ። በዚያ ሜዳ ድንኳን ከተተከለ ወዲህ ልቅሶና ሹክሹክታ እንጂ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም። ካታልዶ ጭልፋውን እንደያዘ ፊቱ እንደ ስጎው ቀልቶ ቆመ። መሳቅም፣ መናደድም፣ መጥፋትም አምሮት ነበር።

የሳቁ ድምፅ አባባ ኤርሜስን ከባልዲያቸው ላይ አስነሣቸው። ቀስ ብለው መጥተው ከሚስታቸው ሳህን ላይ በማንኪያ ጫፍ አነሡ፤ አልቀመሱትም። በአውራ ጣታቸው አሹት፣ በብርሃን አዩት፤ ግንበኛ እንደሚያደርገው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለቀለቁት።

«ጥሩ ምርግ ነው» አሉ። «አሸዋ ጣል ቢደረግበት በዚህ ቤቴን እገነባበታለሁ።»

ሰዉ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። እማማ ኒቬስ ግን መሳቅ አቁመው ባላቸውን አዩ። ከዚያ ካታልዶን አዩት፤ ያን ጊዜ ነው ልጁን መውደድ የጀመሩት።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ድረስ መጥተው በርሜል ላይ ተቀመጡና ጥፋቱን አንድ በአንድ አስረዱት። ዱቄቱ እንደ ዝናብ ከላይ በስሱ ነው የሚወርደው፤ ግራ እጅ ያዘንባል፣ ቀኝ እጅ ያማስላል። ማማሰያው የእንጨት ነው። ካፊያ ጠግቦ አፈር እስኪያብጥ እንደሚጠበቀው ይጠበቃል፤ አይቸኮልም፤ ድስቱ ዳር ቅርፊት ይዞ ሲላቀቅ ያኔ ደረሰ ይባላል። ደግሞ የወታደር ድስት ለዚህ አይሆንም፤ ስስ ስለሆነ ያሳርራል። የመዳብ ድስት ነው የሚያስፈልገው።

«የመዳብ ድስት ከየት ይመጣል?» አለ ካታልዶ።

እማማ ኒቬስ ወደ ተንጋደደው ቤታቸው በአገጫቸው አመለከቱ። ድስቱ ከምድጃው በላይ በሰንሰለቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ካታልዶ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። መሬቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አልፎ አልፎ እየተንቀጠቀጠ የቆመውን ሲጥል፣ ወደዚያ ገመድ የሚጠጋ አልነበረም።

በማግስቱ ግን ገና ጎህ ሲቀድ ምድጃ ሊያያይዝ የተነሣው ካታልዶ፣ ጥቁር ሻሽ በገመዱ ሥር ጎንበስ ሲል አየ። ሮጦ ደርሶ ክንዳቸውን ያዛቸው።

«እማማ፣ አበዱ እንዴ?»

«ልቀቀኝ። የገዛ ኩሽናዬ ነው፤ ለመግባት ማንን ነው የማስፈቅደው?»

«ጣሪያው ቢወድቅብዎትስ?»

«ልጄ፣ ሰውዬው ትናንት ቀልዷል። ሰምተኸዋል አይደል? ዛሬ ካልበላ ነገ ተመልሶ ይዘጋል። እኔ አውቀዋለሁ።»

ካታልዶ ወደ ድንኳኖቹ ዞሮ አየ። ሁሉም ተኝቷል፤ የዘቡ ወታደር በወዲያኛው ጫፍ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጋራ ያጨሳል። ምን እንደገፋፋው በኋላም ሲጠየቅ በቅጡ ማስረዳት አልቻለም። እሳቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ «ከዚህ ንቅንቅ ብለው ቢገኙ አልመለስም» ብሎ በመስኮቱ ገባ።

ኩሽናው ውስጥ አንድ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ወድቆ የጎረቤት ጓሮ ይታያል፤ ከዚያ በክንድ ርቀት ላይ ደግሞ መደርደሪያው ከነስኒዎቹ አንድ እንኳ ሳይሰበር ቆሟል። ወለሉ ላይ የጣሪያ ሸክላ ሞልቷል። ድስቱ በእርግጥም ሰንሰለቱ ላይ አለ፤ ውጪው በጥላሸት የጠቆረ፣ ውስጡ በመፋቅ ብዛት እንደ ወርቅ የሚያበራ። በጣቱ ጫፍ እየቆመ ደርሶ እጀታውን ከመንጠቆው ሲያላቅቅ ከመሬት በታች ያ ድምፅ መጣ፤ ትልቅ ከብት የሚያጓራ የሚመስለው። የመደርደሪያው ስኒዎች አሁን አንድ ላይ ረገፉ። ካታልዶ ድስቱን ራሱ ላይ ደፍቶ ከምድጃው የድንጋይ ቅስት ሥር ኩርምት አለ። ሸክላ መዳቡን ሲደበድበው ጆሮው ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል የተደወለ መሰለው። እናቱን አሰበ፤ «በድስት ምክንያት ሞተ» ብለው ሲያረዷት ምን ትል ይሆን ብሎ አሰበ። ከዚያ መሬቱ ረጋ።

በመስኮቱ ሲወጣ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው በነጭ አቧራ ተለውሶ ነበር። እማማ ኒቬስ ካስቀመጣቸው ድንጋይ ላይ ተነሥተው ቆመዋል። ተጠግተው ትከሻውን በጥፊ ደጋግመው መቱት፤ አቧራ ማራገፍ ይሁን ቁጣ ለራሳቸውም የተለየላቸው አይመስልም።

«ለድስት ብለህ ልትሞትብኝ ነበር?»

«እርስዎስ ሊገቡ አልነበር?»

«እኔ አሮጊት ነኝ። ድስቱም የኔ ነው» አሉና በመጨረሻ እጃቸው ትከሻው ላይ እንዳረፈ ቀረ።

መቶ አለቃው ሰማ፤ መስማቱም አይቀርም ነበር። ካታልዶን አቁሞ በሰው ሁሉ ፊት ሲያወርድበት ቆየና ለሁለት ሳምንት ከሠፈሩ ንቅንቅ እንዳይል ቀጣው። ካታልዶ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ከሠፈሩ ውጭ ፍርስራሽና ላም እንጂ መሄጃ ስላልነበር ጓደኞቹ ሁሉ ስለ ቅጣቱ ያወሩት እየሳቁ ነው።

በዚያው ቀን እማማ ኒቬስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ምድጃው ፊት ቆሙ። ድስቱን በአመድና በሆምጣጤ ፈትገውታል። ግራ እጃቸው ዱቄቱን እንደ ጉም ካፊያ ሲያዘንብ ቀኝ እጃቸው ያማስላል፤ ሲደክማቸው ካታልዶ ይቀበላቸዋል፤ ሲያስቸኩለው እጁን በማንኪያ ይመቱታል። ክንዱ ዝሎ ላቡ በአንገቱ ሲወርድ፣ ለካ ይህ ሥራ ነው ሲል ገረመው። አባባ ኤርሜስ ሲያዩ ቆይተው ማንም ሳይልካቸው ሄዱ። ከፍርስራሹ ጠርዝ የወደቀ የበር ሳንቃ አንሥተው፣ በፋሻ በተጠቀለለ እጃቸው መላጊያ ለምነው፣ ነጭ እስኪሆን ላጉት፤ በፈላ ውኃም አጠቡት። ፖሌንታው የተገለበጠው በዚያ ሳንቃ ላይ ነው። እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ፣ ቢጫ፣ እንፋሎቱ እየተነነ ተቀመጠ።

ክሩን የያዙት አባባ ኤርሜስ ናቸው። ፖሌንታ በቢላ አይቆረጥም፤ ክሩን ከሥሩ አሳልፈው ወደ ላይ ሳቡና ቆረሱት። ለሚስታቸው ሰጡ፤ ለጎረቤት ሰጡ፤ ለካታልዶ ሰጡ። ለራሳቸው አንዱን ቆርሰው፣ ላዩ ላይ ፎርማጆ አድርገው፣ ቆመው መብላት ጀመሩ። እማማ ኒቬስ እንዳላዩ ሆነው ድስቱን ይፍቃሉ። ካታልዶ ግን ዓይኑን መንቀል አቃተው። አንዱን ጨረሱ። ሁለተኛ ቆረሱ። እሱን ካጋመሱ በኋላ አላመጡና ዋጡ፤ ከዚያም ለማንም ሳይሆን፣

«አማቢሌ ጨው ታበዛ ነበር» አሉ።

«አዎ» አሉ እማማ ኒቬስ፣ ከድስቱ ላይ ቀና ሳይሉ። «ስንቴ ነገርኳት።»

ሽማግሌው የእህታቸውን ስም ከቀብሩ ወዲህ ሲጠሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ተቀመጡና በፋሻው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሦስተኛውንም በሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳው ላይ ሁለት ሰልፍ ሆነ፤ አንዱ ለፓስታ፣ አንዱ ለፖሌንታ። መጀመሪያ ወጣቱ በአንዱ፣ አዛውንቱ በሌላው ይሰለፍ ነበር፤ እየቆየ ግን ሁለቱም ጋ ተሰልፎ ሁለት ጊዜ የሚበላ በዛ። እማማ ኒቬስ ወጥ ቤቱን እንደ ርስታቸው ያዙት። የደቡብ ወታደሮችን ሽንኩርት አከታተፍ ሳይቀር ያርማሉ፣ ይገስጻሉ፤ መቶ አለቃው ራሱ ሲገባ እግሩን ጠርጎ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ከካታልዶ ጋር ድንች እየላጡ ሳሉ፣

«አንተስ ማክሰኞ ማክሰኞ ምንድነው የምትበላው? እናትህ ቤት» ብለው ጠየቁት።

ካታልዶ እጁ ቆመ። ወታደር ከሆነ ጀምሮ ስለ ፓስታ ያልጠየቀው፣ ስለ ፀሐይና ስለ ባሕር ያላወራው የሰሜን ሰው የለም፤ ስለ ማክሰኞው የጠየቀው ግን ማንም አልነበረም። ነገራቸው። እናቱ የባቄላ ክክ ማታ ዘፍዝፋ፣ ጠዋት በሸክላ ድስት እሳት ዳር አስጠግታ ለምሳ እስኪደርስ ድረስ ራሱ ሟምቶ ክሬም እስኪመስል ትተወዋለች። በእንጨት ማንኪያ ትመታዋለች። አጠገቡ ከሜዳ የተለቀመ መራራ ቅጠል ቀቅላ ታደርጋለች፤ እላዩ ላይ ጥሬ የወይራ ዘይት ታንቆረቁርበታለች፤ በዳቦ ይዛቃል። ስጎው፣ ሥጋው፣ እሱ እዚህ ሲሠራው የከረመው ሁሉ፣ እናቱ ቤትም የበዓል እንጂ የዘወትር አልነበረም። ይህን ሲናገር ለራሱም ገና ያን ጊዜ ነው የገባው።

እማማ ኒቬስ ልጣጩን ከጭናቸው አራገፉ። «ታዲያ አንተም ገንፎ በላ ነህ እኮ» አሉት።

ካታልዶ መንደሩ ወዳለው ብቸኛ ቡና ቤት ደውሎ ለእናቱ አስነገረ። ጥቅሉ በመጣ ጊዜ ግማሽ ጆንያ የባቄላ ክክ፣ የሰው ትራስ የሚያህል ደንዳና ዳቦ፣ በአሮጌ ሹራቦቹ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ዘይት ነበረው። እማማ ኒቬስ ቅጠሉን ከሜዳው ዳር ራሳቸው ለቅመው መጡ፤ መራራ ቅጠል ማወቅ የደቡብ ሰው ብቻ ችሎታ አይደለም ብለው። ባቄላውን ግን በራሳቸው ሕግ ነው የሠሩት። በመዳቡ ድስት አማሰሉት፣ ማንኪያ እስኪያቆም አጠነከሩት፣ ሳንቃው ላይ ገልብጠው በክር ቆረጡት። ካታልዶ እናቱ ይህን ብታይ ራሷን ስታ እንደምትወድቅ ነገራቸው። እንደዚያም ሆኖ ዘይቱን አፍስሶ በላው፤ ጣዕሙ የቤቱ ነበር፤ ዓይኑን ከጨፈነ ልዩነት የለውም።

ብርዱ ሊገባ ሲል መሬት እንደገና ክፉኛ ተንቀጠቀጠችና የቀረውን ሁሉ ጣለች። ያ ተንጋዶ የቆመው የኤርሜስ ቤትም በዚያን ጊዜ ተኛ። ሰዉ በድንኳን ሊከርም ስለማይችል በባሕሩ ዳርቻ ወዳሉት፣ የበጋ እንግዶቻቸው ወደሄዱላቸው ሆቴሎች ተወሰደ፤ የካታልዶ ጦርም ወደ ሠፈሩ ተመለሰ። እማማ ኒቬስ አውቶቡስ ላይ የመዳብ ድስቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው የተሳፈሩት። ካታልዶ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ሲስም፣ እሳቸው ሹራብ እንዲለብስ፣ ዱቄቱን እንዳያስቸኩል፣ ሚስት እንዲያገባ አከታትለው አዘዙት። በኋላ በስልክ እንደሰማው፣ ሆቴሉ በገቡ በሳምንቱ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ሹም ጋር ተጣልተው፣ በሁለተኛው ሳምንት ታርቀው፣ በሦስተኛው የሹሙን ምድጃ ወርሰው ነበር።

አባባ ኤርሜስ ቤታቸውን ራሳቸው ገነቡት። ከፍርስራሹ ድንጋዩን አንድ በአንድ መርጠው፣ ጤነኛውን ለይተው፣ ክረምትና በጋ ሳይሉ እያነሡ እያስቀመጡ ጥቂት ዓመት ፈጀባቸው። ጣሪያው ሲያልቅ እማማ ኒቬስ ደወሉና እናቱን ይዞ እንዲመጣ ካታልዶን አዘዙት፤ ለመቼ የሚል ጥያቄ እንኳ አልተቀበሉም።

አዶሎራታ ከታራንቶ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። ሰሜን ምግብ የሌለ ይመስል ለባቡሩ ጉዞ ብቻ የሠርግ ስንቅ የሚያህል ዘንቢል ሞልታ፣ ዘይቷን ጉያዋ አድርጋ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ግን አልሰማችም። ኒቬስ የሚናገሩት ፍሪዩልኛ ነው፣ አዶሎራታ የምትናገረው የመንደሯን ነው፤ ትምህርት ቤት የሚማሩትን ጣሊያንኛ ሁለቱም ለቄስና ለሐኪም እንጂ ለጨዋታ አያወጡትም። መሐል ሆኖ የሚያስተረጉመው ካታልዶ ሆነ።

ምሳ ቀረበ። ፖሌንታው በሳንቃው ላይ ተገለበጠ። አዶሎራታ ጥግ ጥጉን ቀመሰች፤ እንደ ጨዋ እንግዳ ፊቷን ሳታጠቁር፣ በራሷ ቋንቋ፣ እየሳቀች፣ ይህንን እኛ አገር ለዶሮ ነው የምንሰጠው አለች።

«ምን አለች?» አሉ እማማ ኒቬስ።

«እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም ትላለች» አለ ካታልዶ።

አባባ ኤርሜስ ወይን ጠጁ በአፍንጫቸው ወጣ። ለካ በወጣትነታቸው ቤልጅግ አገር የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሲሠሩ፣ አብረዋቸው አንድ ክፍል ያድሩ የነበሩት በሙሉ የታራንቶ አካባቢ ሰዎች ናቸው።

«ኤርሜስ፣ እውነቱን ተናገር» አሏቸው ሚስታቸው።

ተናገሩ። ካታልዶ ከጠረጴዛው ሥር የሚገባበት ቀዳዳ አጣ። እማማ ኒቬስ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና፣

«እንግዲያውስ ዶሮዎቿ የታደሉ ናቸው በልልኝ» አሉ ለባላቸው። «ግን በፎርማጆ ትቅመሰው በላት። ዶሮ ፎርማጆ አታገኝም።»

አባባ ኤርሜስ በተሰባበረ የታራንቶ ቋንቋ፣ የማዕድን ጉድጓድ ስድብ እያቀላቀሉ አስተረጎሙት። አዶሎራታ ደነገጠች፤ ልጇን በዓይኗ ቆነጠጠችው፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስክታለቅስ ሳቀች። ፎርማጆው ከድንች ጋር ተጠብሶ ዳር ዳሩ እንደ ቅርፊት የደረቀ ነበር። ከእሱ ጋር በላችው። ሳህኗን ዘረጋችና አስጨመረች። ከዚያ ግን አላስቻላትም፤ ጠርሙሷን ከጉያዋ አውጥታ ፖሌንታው ላይ ዘይት አንቆረቆረችበት።

እማማ ኒቬስ «ኧረ!» ብለው ተነሡ፤ በሕይወታቸው ፖሌንታ ላይ ዘይት ሲፈስ አላዩም። አዶሎራታ ዘይት የነካውን ጥግ በማንኪያ ቆርሳ ወደ አፋቸው ዘረጋችላቸው፤ እንደ ሕፃን ልጅ። እማማ ኒቬስ ተቀበሉ፤ አላመጡ፤ ፊታቸውን ወዲህም ወዲያም አላሉም። ከዚያ ወንዶቹን ዞረው አዩና «እናንተ ከበላችሁ ውጡ፤ እዚህ ሥራ አለብን» አሏቸው።

ካታልዶና አባባ ኤርሜስ የወይን ጠጃቸውን ይዘው ወጡና አዲሱን ግድግዳ ተደግፈው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ከውስጥ የሁለት ሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ አንዷ የሌላዋን ሳትጠብቅ፣ በሁለት ቋንቋ፣ እኩል እያወሩ ነው።

«ይግባባሉ እንዴ?» አለ ካታልዶ።

«አንድም ቃል» አሉ አባባ ኤርሜስ፣ ብርጭቋቸውን እያነሡ። «ተዋቸው።»